አይጥ የበላው ጃኬት

ጦርነቱ ሦስተኛ ዓመቱን ሲይዝ ቲያትር ቤቱ ተዘጋ። ተዋንያኑ ገሚሱ ዘመተ፣ ገሚሱ ወደየዘመዱ ተበተነ። የአልባሳት ክፍሉ ግን ክፍት ሆኖ ቀረ። ስድስት የስፌት መኪና፣ ሁለት የካውያ ጠረጴዛና በመንገዱ በኩል ሰፊ መስኮት ነበረው። በዚያ ላይ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለንጉሡም ለለማኙም ልብስ ስትሰፋ የኖረች አንዲት ሴት ነበረችበትና የሠራዊቱ ንብረት ክፍል ቤቱን አይቶ ወደደው።

ሴትዮዋን በሥራ ቦታ ሁሉም "እትዬ" ነው የሚሏት። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። መነጽሯን በክር አስራ አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች፤ ትከሻዋ መኪና ላይ ከመጎንበስ ብዛት ወደ ፊት ቀርቷል። ከከንፈሯ መርፌ ስለማይጠፋ የምትናገረው ጥርሷን ገጥማ፣ ቃሏን ቆጥባ ነው። መርፌ ባልያዘችበትም ጊዜ እንደዚያው ታወራለች።

በሳምንት ሁለት ቀን የጭነት መኪና ከየሆስፒታሉ ቦንዳ አምጥቶ ያራግፋል። ቦንዳው ሲፈታ የሚወጣው የወታደር ልብስ ነው፤ ከቁስለኛ ላይ የተገፈፈ፣ ከሞተም ላይ። ሆስፒታሉ አንድ ውሃ አስነክቶታል፤ ደም ግን በአንድ ውሃ የሚለቅ ነገር አይደለም፣ ገበሩ ላይ ዝገት መስሎ ይቀራል። ሴቶቹ ኪስ ይፈትሻሉ፣ የጎደለ ቁልፍ ይተክላሉ፣ የተቀደደውን ይጥፋሉ፣ ይተኩሳሉ፣ መልሰው ያስራሉ። የታሰረው ከከተማው ዳር ወዳለው ማሰልጠኛ ይሄድና አዲስ ምልምል ይለብሰዋል። ከወራት በኋላ ከነዚሁ ጃኬቶች አንዳንዱ ተመልሶ ቦንዳ ውስጥ ይገኛል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው ነገሩ።

ኪስ ውስጥ የማይገኝ የለም። የአውቶቡስ ትኬት፣ ግማሽ እርሳስ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የቤት ቁልፍ። አንዴ ያልተላጠ ብርቱካን ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆኖ ወጥቷል። ሁሉንም በቆርቆሮ ሳጥን ያጠራቅሙታል፤ ሳጥኑ ሲሞላ አንድ ሰው መጥቶ ይወስደዋል። የት እንደሚያደርሰው ጠይቆት የሚያውቅ የለም።

እትዬ ማንም የማይደርስባት ሙያ ነበራት። ከጃኬቱ የውስጥ ጠርዝ ክር እየመዘዘች፣ በዚያው በራሱ ክር ቀዳዳውን ድርና ማግ አድርጋ ትሸምነዋለች። ካውያ ሲያርፍበት ጨርቁ ቀዳዳ ኖሮበት የሚያውቅ አይመስልም። መጀመሪያ አካባቢ በዚህ ትኮራ ነበር። እያደር ግን ያላሰበችውን ትምህርት አስተማራት። ጥይት የገባበት ምስር ያህላል፤ የወጣበት ግን የተቦጨቀ ነው። ፊቱን አይታ ጀርባው ምን እንደሚመስል ሳትገለብጠው ታውቃለች። ይህን ማወቋን አልወደደችውም።

ከእሷ ጋር አራት ሴቶች ይሠራሉ። ከአራቱ አንደኛዋ "ሙሽሪት" ናት፤ ባሏ ከሠርጉ በሃያ ሁለተኛው ቀን ስለዘመተ ስሙ እንደተለጠፈባት ቀርቷል። ሌላዋ "ባለአምስቷ" ናት፤ አምስት ልጅ አላት፣ አባታቸው ካለፈው ዓመት ወዲህ ደብዳቤ አልጻፈም። የቀሩት ሁለቱ እህትማማቾች ናቸው፤ አንደኛዋ ያለችውን ሌላዋ ትደግማለች። ቤቱን የሚጠርጉት፣ ቦንዳውን የሚያስሩትና በሩን የሚጠብቁት ጋሼ ሹክታ ናቸው። ሽማግሌው በደህና ጊዜ ተዋንያን ቃል ሲጠፋቸው ከመጋረጃ ጀርባ ሹክ እያሉ የሚያስታውሱ ሰው ነበሩ። ቲያትሩ ሁሉ ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው። ራሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ መድረክ ላይ ወጥተው አያውቁም።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ መብራት ጠፋ። ካውያው በረደ፣ መኪናዎቹ ዝም አሉ። ሴቶቹ በእጅ የሚሰፋውን ይዘው መስኮቱ ሥር ተሰበሰቡ። ከግድግዳው ጋር የተሰቀሉ ቢጫ ቀሚሶች ነበሩ፤ ለአሥራ ሁለት ሴቶች ተቆርጠው ግማሾቹ እጅጌ እንኳ አልተተከለላቸውም። ቲያትር ቤቱ ሲዘጋ ሊታይ ሦስት ሳምንት ለቀረው ቲያትር የተዘጋጁ ነበሩ።

"ጋሼ፣ ያቺ ሳትታይ የቀረችው ቲያትር ስለ ምን ነበረች?" አለች ሙሽሪት።

ጋሼ ሹክታ መጥረጊያቸውን ተደግፈው ቆሙ። "የጥንት ግሪኮች ናት። ኮሜዲ ናት። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ያልፋታል።"

"ይንገሩና። ካውያ እስኪግል።"

ነገሯቸው። የሴቱንም የወንዱንም ቃል በዚያው በለመዱት ሹክታ፣ ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም ሳያደርጉ አወረዱት። ጦርነት የሰለቻቸው ሴቶች ናቸው። የወዲያኛው አገር ሴቶችና የወዲህኛው አገር ሴቶች ተሰብስበው ይማማላሉ፤ እርቅ እስኪወርድ ድረስ ባል የሚባል አልጋችን አይደርስም ይላሉ። የጦርነቱ ገንዘብ ያለበትን ግምጃ ቤት ገብተው ይዘጉታል። ወንዶቹ ይመጣሉ፣ ይለምናሉ፣ ይዝታሉ፣ ወገባቸውን ይዘው ያቃስታሉ። አንዳንዷ ሴት ራሷ መሐላው ከብዷት ሰበብ ፈጥራ ሹልክ ልትል ስትል ትያዛለች። ጋሼ ሹክታ ይህን ሁሉ ሲሉ ፊታቸው እንደ ቀብር አዋጅ ነበርና ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ።

"እኔ ማንን ልከልክል?" አለች ሙሽሪት እንባዋን እየጠረገች። "እኔንስ ቀድሞ የከለከለኝ መንግሥት ነው።"

"የእኔ ብቻ ይምጣ እንጂ፣" አለች ባለአምስቷ፣ "እንኳን ልከለክለው በሩን ገንጥዬ ነው የምቀበለው። ስድስተኛውም ቢመጣ ይምጣ።"

እትዬ መርፌዋን ከአፏ አወጣች። "የኔው ደግሞ ቤቱ ተቀምጦ፣ በወገቡ አመካኝቶ ራሱ ከከለከለኝ ዓመት አልፎታል።"

እንደገና ሳቁ። እህትማማቾቹ አንደኛዋ ስታቆም ሌላዋ እየቀጠለች ብዙ ቆዩ። ከዚያ ሳቁ እንደ መጣ ሄደ፣ ሁሉም እጁ ላይ ያለውን ጃኬት ማየት ጀመረ።

"የነሱ ጦርነት ቅርብ ነው፣" አለች ሙሽሪት። "ባሎቻቸው ለእራት ይመጣሉ። የኛ የት እንዳለ እንኳ አናውቅም። የሌለን ሰው ምን ብለሽ ትከለክያለሽ።"

"እነሱም እኮ የተነሱት እጃቸው ላይ ባለው ነገር ነው፣" አሉ ጋሼ ሹክታ። "ሌላ ምን ነበራቸው?"

መብራት መጣና ሁሉም ወደ መኪናው ተመለሰ።

እትዬ አንድ ልጅ ነው ያላት፤ ዘግይቶ የመጣ፣ ወንድ። ከሁለት ወር በፊት ሃያ ዓመት ሲሞላው ማስታወቂያ ደረሰውና ማሰልጠኛ ገባ። ማሰልጠኛው የድሮ ጡብ ፋብሪካ ነው፤ ወላጅ በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ እሑድ ይገባል። ባሏ በቲያትር ቤቱ አናጢ የነበረ፣ ከመድረክ ወድቆ ወገቡን የተጎዳ ሰው ነው። አውቶቡስ ላይ መቀመጥ ስለማይችል እስከዚያ ድረስ ብረቱን ይዞ ቆሞ ይሄዳል። በዚያ እሑድ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ይዘውለት ሄዱ።

ልጁ ጭንቅላቱን ተላጭቶ፣ ጆሮዎቹ ገዝፈው መጣ። እጁ የሌላ ሰው እጅ መሰላት፤ ጣቱ አካፋ ይዞ ተልጧል። እንቁላሉን ቆሞ እየበላ ስለ ጓደኞቹ ያወራል። እናትም እንደ እናት አንገትጌውን ልታስተካክል እጇን ሰደደች። ከአንገትጌው ወደ ደረቱ፣ ከደረቱ ወደ ብብቱ ሥር ወረደች፤ ጣቷ እዚያ ቆመ።

ስፌቱ የራሷ ነበር። ዓይን አያየውም፣ ጣት ግን ያውቀዋል፤ ክሩን ስትጨርስ ወደ ጎን አጥፋ የምትቆልፍባትን ትንሽ ቋጠሮ ከእሷ በቀር የሚቆልፋት የለም። ከግራ ጡቱ ሥር፣ ምስር የምታህል። እጇን እንደምታቅፈው አድርጋ ወደ ጀርባው ሰደደች። እዚያም ነበረ፤ ሰፋ ያለው። ጃኬቱን አስታወሰችው። ኪሱ ውስጥ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ ነበረበት።

"ምን ሆንሽ እማዬ?"

"እዚህ ጋ... ተቀዶ ነበር እንዴ?"

"እሱ? አይጥ ነው። መጋዘን ውስጥ አይጥ በልቶት ነው አሉን። የሁላችንም እንደዚሁ ነው። አንዱ ጓደኛችን 'የመንግሥት አይጥ ደረት ደረት ብቻ ነው እንዴ የምትወደው' ብሎ አሳቀን።" ልጁ ሳቀ። አባቱም ነገሩ ሳይገባው አብሮ ሳቀ።

"አይጥ ነው፣" አለች እትዬ።  ትንሽ ሥጋ እንደ መርፌ ትወጋ ይባላል፤ ያን ቀን መርፌው የት ጋ እንደሚገባ አወቀችው።

ወደ ቤት ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ ለባሏ ነገረችው። ብረቱን በሌላ እጁ ቀይሮ ያዘ።

"ብትነግሪው ምን ያደርጋል?" አላት። "ጃኬቱን ቢያወልቅ ይበርደዋል። ሌላ ቢሰጡት ያም ያው ነው። ዝም አይነቅዝም ብለሽ እለፊው።"

"ይህን ሁሉ ጊዜ የዋሸሁት እኔ ነኝ።"

"አንቺ ምን አልሽና?"

"ምንም አላልኩም። እንዳይታይ አድርጌ ሰፋሁት።"

 የወረዱበት ፌርማታ ከቤታቸው ሩቅ ነው፤ የቀረውን በእግራቸው ሄዱ፤ ወገቡ ስለያዘው በየመብራት ምሰሶው ሥር ይቆሙ ነበር።

ሰኞ ጧት እትዬ ከሁሉ ቀድማ ገባች። ከግድግዳው ከቢጫ ቀሚሶቹ አንዱን አወረደች፣ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው፣ መቀሷን አነሳች። ሠላሳ ዓመት ያለ ዳይሬክተሩ ትእዛዝ የመድረክ ልብስ ቆርጣ አታውቅም። ከጫፉ ጀምራ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን እያደረገች ከተከተችው።

ሴቶቹ ሲመጡ የመጀመሪያውን ጃኬት ጨርሳ አገኟት። ካኪው ደረት ላይ ቢጫ እራፊ ቁጭ ብሏል፤ ጀርባው ላይ ደግሞ መዳፍ የሚያህል።

"እትዬ፣ ምን መሆንሽ ነው?" አለች ሙሽሪት።

ስለ ልጇ ጃኬት ነገረቻቸው፤ አይጡንም ነገረቻቸው። ከዚያ፣ "ጣፊ ተብያለሁ፣ እጥፋለሁ። እየተከፈለኝ ነውና ሥራውን አላቋርጥም። ግን ከእንግዲህ እኔ የነካሁት ሁሉ ይታያል። እናንተን አላስገድድም፤ በየመኪናችሁ የፈለጋችሁትን አድርጉ" አለች።

ሙሽሪት ከመደርደሪያው አበባ አበባ ያለበት የመጋረጃ ቁራጭ አወረደች። እህትማማቾቹ ተያዩ። "መቼም ከዚህ ወዲያ ምን ያመጡብናል" አለች አንደኛዋ፤ "ምን ያመጡብናል" አለች ሌላዋ፤ ሁለቱም ቢጫውን ተካፈሉ።

ባለአምስቷ ብቻ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። "አምስት አፍ ነው የሚጠብቀኝ፣" አለች። "እንዳትፈርዱብኝ።"

"ማን ይፈርድብሻል?" አለቻት እትዬ።

ያን ሳምንት ሙሉ ባለአምስቷ በካኪ፣ ሌሎቹ በቢጫና በአበባ ሰፉ። ያን ጊዜ ማንም አላንጎራጎረም፣ ቀልድም አልነበረም። ደስ የሚል ነገር እንዳልሆነ ሁሉም ያውቀዋል። ሁለት ቦታ የተመታ ሁለት ቢጫ፣ አምስት ቦታ የተመታ አምስት ቢጫ ያበቅላል። አንዱን ጃኬት ሙሽሪት ስትጨርሰው አበባ ብቻ ሆኖ ካኪው ጠፍቶ ነበር። ይዛው ወጣችና ከደረጃው ላይ ተቀምጣ ቆየች።

ዓርብ ቀን ቦንዳውን የሚያስሩት ጋሼ ሹክታ ጃኬቶቹን አንድ በአንድ እያዩ አጠፉ።  ገመዱንም ሁልጊዜ ከሚያስሩት አጥብቀው አሰሩት።

ስምንት ቀን ምንም የተሰማ ነገር የለም። በዘጠነኛው ቀን የንብረት ክፍሉ መቶ አለቃ መጣ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀኝ እጁ ላይ ሁለት ጣት ብቻ ነው የቀሩት፤ ለዚያም ነው ወደ ንብረት ክፍል የመጣው። ሲገባ አልጮኸም። የያዘውን ጃኬት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ያለ ግብዣ ተቀመጠ።

"ይሄን ማን ነው የሠራው?"

"እኔ፣" አለች እትዬ። ሙሽሪትም አፏን ልትከፍት ስትል እግሯን ረገጠቻት።

"ካኪ ጨርቅ አልቆብኛል ብለው ቢጽፉልኝ እልክልዎት ነበር እኮ እናቴ።"

"አላለቀም።"

መቶ አለቃው በሁለት ጣቱ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። ሌሊት ያልተኛ ሰው ይመስላል። "ልብሱ ተከፋፍሎ ጧት ሲሰለፉ መጀመሪያ ሳቁ አሉ፣" አለ። "አንዱ ሌላውን እያየ፣ አበባ የደረሰውን 'ሙሽራው' እያለ። አንዱ ምልምል ግን በጣቱ የጓደኛውን ደረትና ጀርባ ለካ። አይጥ እንዲህ ቀጥ አድርጋ አትበላም አለ። ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም። ሁሉም በየራሱ ላይ መፈለግ ጀመረ። የድሮዎቹን ጃኬቶች ሳይቀር ገበሩን ገልብጠው ደሙን አገኙት። እረፍት ላይ አንድ ሻምበል ጦር ሙሉ ጃኬቱን አውልቆ መሬት ላይ አኖረው። አልጮኹም፣ አላመፁም። በካናቴራ ቆሙ። አዛዡ እስከ ማታ በዚያው ብርድ አቆማቸው።"

"የትኛው ሻምበል?" አለች እትዬ።

"ሦስተኛው።"

ልጇ ሦስተኛው ውስጥ ነው። መቶ አለቃው ከፊቷ ላይ አነበበው መሰለኝ፣ ቀና ብሎ አላያትም። "ሁሉም ናቸው ያወለቁት፣" አለ። "አንድም የቀረ የለም።"

እትዬ ወንበሩን ያዘች። ደስ አላት ልበል ወይስ ፈራች፤ ሁለቱ ተደባልቀውባታል። ከሁሉ አስቀድሞ ያሰበችው ግን ብርዱን ነው። የሱፍ ካልሲውን አድርጎት ይሆን ብላ አሰበች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እሷንና ጋሼ ሹክታን ወሰዷቸው። የወሰዷቸው አሮጌ መዝገብ ቤት ነው፤ ክፍሎቹ በኮምፖንሳቶ የተከፈሉ ናቸውና ከወዲያ ማዶ የሚሳለው ሰው ይሰማል። የእሷ መርማሪ የመጀመሪያውን ቀን ጉዳዩን ትቶ ስለ ስሟ፣ ስለ አባቷ፣ ስለ ጎረቤቶቿ ጠየቃት። በሁለተኛው ቀን ወደ ነገሩ ገባ።

"ይህን ሐሳብ ማነው የሰጠሽ?"

"ልጄ የለበሰው ጃኬት።"

"ቲያትር አለ ይላሉ። የሴቶች አድማ ያለበት።"

"ነበረ። ሳይታይ ነው የቀረው። የኛ ደግሞ አድማ አይደለም፤ የተሰጠንን ሥራ ሠርተን ነው የላክነው።"

መርማሪው ጻፈ፣ ሰረዘ፣ እንደገና ጻፈ። ያኔ ነው ከኮምፖንሳቶው ወዲያ የጋሼ ሹክታ ድምፅ የመጣው። ቲያትሩን ለመዝገብ እንዲያስመዘግቡ ታዘው ኖሯል። ከመጀመሪያው ጀምረው፣ በዚያው ከፍም ዝቅም በማይለው ድምፃቸው፣ የሴቶቹን ስብሰባ፣ መሐላውን፣ የሚያቃስቱትን ባሎች ያወርዱታል። ከጎናቸው የጽሕፈት መኪና ይንቀጫቀጫል። ሰበብ ፈጥራ ልታመልጥ የነበረችው ሴት ጋ ሲደርሱ የጽሕፈት መኪናው ቆመ፤ ጸሐፊው ሳቁን ሲያፍን በአፍንጫው ወጣበት። የእትዬም መርማሪ ብዕሩን አስቀምጦ ጆሮውን ወደ ግድግዳው ጣለ።

"መጨረሻው ምንድን ነው?" አለ ወዲያኛው መርማሪ።

"ይታረቃሉ፣" አሉ ጋሼ ሹክታ።

"ወታደሮቹስ?"

"ወደየቤታቸው ይሄዳሉ።"

"እንዲህ በቀላሉ?"

"ኮሜዲ ነዋ።"

 ከዚያ የጽሕፈት መኪናው ቀጠለ።

እትዬን በሦስተኛው ቀን ለቀቋት። መቶ አለቃው "በካኪ እጥረት የተፈጸመ ስህተት" ብሎ ጽፎላት ነበር፤ ለምን ይህን እንዳደረገላት ነግሯት አያውቅም። ጋሼ ሹክታ ግን አልተለቀቁም፤ ቃላቸው ብዙ ገጽ ሆነና ወደ ላይ ተልኮ ይታይ ተባለ። የአልባሳት ክፍሉም ታሸገ። ሁሉም ተሰናበቱ፣ በካኪ የሰፋችውም ሳትቀር። ባለአምስቷ መንገድ ላይ ብታገኛት ፊቷን አዙራ አለፈቻት። እትዬ አልተቀየመቻትም። እውነት ነበራት።

ቢጫ የበዛባቸውን ጃኬቶች ጥቁር ቀለም በርሜል ውስጥ ነከሯቸው። የወላጆች እሑድም ቀረ። በማሰልጠኛው በር ላይ "እስከ ሌላ ማስታወቂያ" የሚል ወረቀት ተለጠፈ።

አንድ ጧት እትዬ ዳቦ ቤት ተሰልፋ ሳለ ከፊቷ ያለች ወፍራም ሴትዮ ዞር ብላ አየቻት።

"ልብስ ሰፊዋ አንቺ ነሽ?"

"ነኝ።"

"ልጄ በሚቀጥለው ወር ይሄዳል ይላሉ። በአንቺ የተነሳ ሳላየው ነው የሚሄድብኝ።"

"የኔም እዚያው ነው፣" አለች እትዬ።

"ያንቺማ የራስሽ ሥራ ነው።" ሴትዮዋ ዳቦዋን ይዛ ሄደች።  እትዬ ተራዋ ሲደርስ ምን ልትገዛ እንደመጣች ጠፍቷት ነበር።

ለባሏ አልነገረችውም። እሑድ ሲመጣ ግን ቁጭ ማለት አቃታት። ወረቀቱ እንዳለ ታውቃለች፤ ቢሆንም ኮቷን ለብሳ አውቶቡስ ያዘች። ባሏ "ላም አለኝ በሰማይ አትሁኚ፣ በሩ ዝግ ነው" አላት። ይህን እያለ ደግሞ የራሱን ጫማ ሲያስር ነበር።

በሩ ዝግ ነበር። ከበሩ ፊት ግን ሰዎች ቆመዋል፤ ሃያ፣ ሠላሳ ቢሆኑ ነው፣ አብዛኞቹ ሴቶች። ማንም አልጠራቸውም። ሁሉም ያልበላውን ዳቦ በጨርቅ ጠቅልሎ የመጣ ወላጅ ነው። ያቺ የዳቦ ቤቷም ነበረች። ዘበኛው "እናቶች፣ ሂዱ፣ አይከፈትም" አለ። የሄደ የለም። የጮኸም የለም። ጠባቂዎቹ ተነጋገሩ፣ አንዱ ገባ፣ አንዱ ወጣ። ከአጥሩ ወዲያ የሚሰለፉ ልጆች የእግር ኮቴ ይሰማል፤ ማን ማን እንደሆነ ግን አይታይም። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቆመው ሄዱ።

በሚቀጥለው እሑድ ቁጥራቸው በዛ። ሙሽሪት መጣች፣ ሁለቱ እህትማማቾችም መጡ። አንዳንዷ ጃኬቱን በዓይኗ ያየች ነበረችና ለሌላዋ ትነግራለች፤ ነገሩ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። ወሬው ወዴትም አያደርስም ነበር፤ ግን ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰልፍ መሐል "አይጥ ነው" ብሎ ለማንም መንገር የሚችል ሰው ጠፋ። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት አሮጊት የምትታጠፍ ዱካ ይዛ መጣች፤ ተራ በተራ ተቀመጡባት።

በዚያ ቀን ዝናብ ያካፋ ነበር። የእትዬ እግር ከጠዋት ጀምሮ ጫማዋን ሞልቶታል። ዱካዋ ስትለቀቅ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ክንዷን ይዛ ሳበቻት።

"ተቀመጪ። አብጠሻል።"

"ያንቺ ተራ ነው።"

"ተቀመጪ አልኩሽ እኮ።"

ተቀመጠች። ሴትዮዋ ከጎኗ ቆመች፤ ይቅርታ የሚባል ነገር ከሁለቱም አልወጣም። ሁለቱም ዝናቡን አዩ።

ሰባት እሑድ ቆሙ። በስምንተኛው ሳምንት ማክሰኞ ቀን ልጆቹን በኋላው በር አስወጥተው ጫኗቸው። እናቶቹ የሰሙት ከሄዱ በኋላ ነው። ጦርነቱም ከዚያ ወዲያ አንድ ዓመት ከምናምን ቀጠለ። ሲያበቃ ያበቃው ሁለቱም ወገን ደክሞት ነው እንጂ በሴቶቹ መቆም አይደለም፤ እነሱም እንዲያ ብለው አያውቁም። ጋሼ ሹክታ በስድስተኛው ወር ሳል ይዘው ወጡ፤ ቃላቸውን የጻፈው ጸሐፊ እስር ቤት ድረስ ሻይ ያመላልስላቸው ነበር አሉ። የሙሽሪት ባል አልተመለሰም።

የእትዬ ልጅ ተመለሰ። ግራ ጆሮው አይሰማም፤ ሰው ሲያናግረው ቀኙን ያዞራል። የለበሰው ጃኬት ሌላ ነበር፣ የማን እንደሆነ አልጠየቀችውም። በሩን ገብቶ እናቱን ሳመ፣ አባቱን ሳመ፣ የቀረበለትን ሾርባ ግማሹን ጠጣና ከእነ ጫማው አልጋው ላይ ጋደም አለ። አባቱ ቀስ ብሎ ጫማውን ፈታለት። ቀኑን ሙሉ ተኛ፣ በማግስቱም ተኛ። እትዬ አጠገቡ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ትንፋሹን እያዳመጠች ብዙ የምትጠይቀው ነገር ነበራት፤ ሲነሳ እጠይቀዋለሁ ብላ ጠበቀች። መስኮቱ ክፍት ነበር፣ ከመንገድ የሰው ድምፅ ይመጣል፣ ፀሐዩም ሞቅ ብሏል። እንዲያ እንዳለች አንገቷ ወደ ትከሻዋ ዘንበል አለና እንቅልፍ ወሰዳት።